11 ያላለቁ ሸራዎች፦ የራስ አሠራር ከየት ይመጣል?

ጥያቄው፦ «ጎንደር ተወልጄ ያደግኩ የሥዕል ተማሪ ነኝ። አሁን ሦስተኛ ዓመት ነኝ። መምህራችን ለመመረቂያ ሥራ ‘የራሳችሁን የፈጠራ ሂደት አዳብሩ፤ ስለ እሱም አምስት ገጽ ጻፉ’ ብሎናል። እኔ ግን ሂደት የሚባል ነገር የለኝም። ስልኬ ላይ ፎቶ እፈልጋለሁ፤ ንድፍ እሠራለሁ፤ ሸራው ላይ ፊቱን በደንብ እሠራለሁ፤ ከዚያ ይጠፋብኛል። ቤት ውስጥ 11 ያላለቁ ሸራዎች አሉኝ። ጓደኛዬ ያለ ምንም ንድፍ ጀምሮ በሁለት ቀን ይጨርሳል። የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያንን የጣሪያ መላእክት መሥራት እወዳለሁ፤ ስሠራቸው ግን የቱሪስት ዕቃ ይመስሉብኛል። የሌሎችን ሥራ ማየት ላቁም? የራሴን መንገድ ለማግኘትስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

ሂደት የለኝም ያልሽው ልክ አይደለም። አለሽ። ራስሽ ጽፈሽዋል፦ ስልክ፣ ንድፍ፣ ፊት፣ ከዚያ መጥፋት። 11 ጊዜ በአንድ መንገድ ሄደሽ 11 ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ቆመሻል። ይህ ሂደት ካልሆነ ሌላ ስም አላገኝለትም። የማያደርስ ሂደት ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አዲስ ከመፈለግሽ በፊት ያለሽ የት ላይ እንደሚሰበር ማወቅ አለብሽ።

አንድ ነገር ደግሞ ተምታቶብሻል። ብዙ ተማሪ ይምታታበታል። ስልት እና አሠራር አንድ አይደሉም። ስልት ሌላ ሰው ሥራሽን አይቶ «ይሄ የእሷ ነው» የሚልበት ነገር ነው። አሠራር አንቺ ሰኞ ጠዋት ሸራው ፊት ስትቆሚ በተራ የምታደርጊው ነው። ስልት እየተፈለገ አይገኝም፤ ከአሠራር በኋላ ሳታስቢው ይመጣል። መምህርሽ የጠየቀሽ ሁለተኛውን ነው። አንቺ የተጨነቅሽው ስለ መጀመሪያው ነው።

ዛሬ ማታ 11ዱንም ግድግዳ ሥር ደርድሪያቸው። ራቅ ብለሽ ቁሚ። እያንዳንዱ የት ላይ እንደቆመ በደብተር ጻፊ። «አስጠላኝ» ብለሽ አትጻፊ፤ እሱ ስሜት ነው፤ ምክንያት አይደለም። «ጀርባው ባዶ ሆነብኝ»፣ «እጁ አልመጣልኝም»፣ «ፊቱን አበላሻለሁ ብዬ ፈራሁ» ብለሽ ጻፊ። ሥራዎቹን ሳላይ መናገር ቢከብድም ከጻፍሽው ተነሥቼ እገምታለሁ፦ ከ11ዱ ብዙዎቹ ፊቱ አልቆ ሌላው ነጭ የሆነ ሸራ ናቸው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፤ ምክንያቱ የዓይን ነው። ነጭ አጠገብ የተቀመጠ ቀለም ሁሉ ከሚገባው በላይ ጠቁሮ ይታያል። ባዶ ሸራ ላይ ፊት ብቻ ስትሠሪ «ጠቆረ» ትያለሽ፤ ነጭ ትጨምሪበታለሽ። ያምራል። ከዚያ ጀርባውን በጥቁር ቡናማ ወይም በቀይ ስትሞዪው ያ ያማረ ፊት በአንዴ ኖራ የተቀባ ጭምብል ይሆናል። ፊቱን ያበላሸሽው ይመስልሻል። ብሩሹ ፊቱን አልነካውም እኮ! የተቀየረው ጎረቤቱ ነው። ከሁለት ሦስት ሸራ በኋላ እጅሽ ይህን ይማራል፤ ጀርባውን መንካት ይፈራል። መጥፋት ያልሽው ይህ ይመስለኛል።

እኔ የማውቃቸው የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች በተቃራኒው ነው የሚሠሩት። መጀመሪያ መስመሩን ሁሉ ያወጣሉ። ከዚያ ቀዩን ቀይ በሚገባበት ሁሉ፣ ሰማያዊውን ሰማያዊ በሚገባበት ሁሉ ይሞላሉ። ፊት ገና ባዶ ቢጫ ነው። ዓይን፣ ቅንድብ፣ የጥቁሩ መስመር ማሰሪያ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንዱ ሽማግሌ «ዓይኑን ቀድመህ ካወጣህለት ሲያፈጥብህ ሥራ አትጨርስም» ብለውኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ስቄ ነበር። አሁን ለተማሪዎቼ የምነግረው እሱን ነው።

ሌላው የመሰበሪያ ቦታ መጠን ነው። መዳፍ በምታክል ወረቀት ላይ የሠራሽው ንድፍ ባዶ ቦታው ትንሽ ስለሆነ ሙሉ ይመስላል። ወደ አንድ ሜትር ሲያድግ ያ ባዶ ቦታ ሜዳ ይሆናል። ካሬ ከፍለሽ ማሳደግ መስመሩን እንጂ ሜዳውን አይሞላልሽም። በመሐል አንድ መካከለኛ መጠን ያስፈልጋል። ደብተር በሚያህል ካርቶን ላይ በጥቁር፣ በግራጫና በነጭ ብቻ ሥሪው። ከዚያ በስልክሽ ጥቁርና ነጭ አድርገሽ ሸራውን ፎቶ አንሺና ከካርቶኑ ጋር አስተያዪው። ስልክ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ ነው።

ለጅማሬ ግን መጥፎ ነው። ፒንተረስት በሚባለው የፎቶ መፈለጊያ ላይ ያገኘሽው ፎቶ ብርሃኑን፣ ማዕዘኑን፣ የሚቆረጥበትን ቦታ ሌላ ሰው ወስኖ የጨረሰው ነው። ላንቺ የቀረልሽ መገልበጥ ብቻ ነው። የምትወስኚው ነገር ከሌለ ደግሞ ትሰለቺያለሽ። ሰው የሚሰለቸው ሥራው ስለከበደው ብቻ አይደለም፤ ጥያቄው ቀድሞ ሲመለስበትም ይሰለቻል። ፎቶ ከፈለግሽ ራስሽ አንሺ። ቅዳሜ ገበያ ውስጥ አንዲት ሴት በርበሬ ስትሰፍር ያነሣሽው የደበዘዘ ፎቶ ከፒንተረስቱ ይሻልሻል፤ የጎደለውን አንቺ ነሽ የምትሞዪው።

ጓደኛሽን ተይው። ያለ ንድፍ የሚጀምር ሰው ንድፉን ሸራው ላይ ነው የሚሠራው፤ እየቀባ ይደመስሳል፣ እየደመሰሰ ይወስናል። ለእሱ ይሠራለታል። በዘይት ቀለም ከሆነ ይበልጥ ይመቻል፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ። አንቺ በውኃ በሚቀጥነው ቀለም፣ በአክሪሊክ ከሆነ የምትሠሪው፣ በጎንደር የበጋ አየር ቀለም መቀላቀያሽ ላይ እያየሽው ይደርቃል። ሁለታችሁ አንድ ፈተና ላይ አይደላችሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። የሌሎችን ሥራ ማየት ላቁም ብለሻል። አታቁሚ። ይህን የምልሽ ስለ ጎንደር ስለማውቅ ነው። በአፄ ፋሲል ዘመን ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1636 ከተቆረቆረች በኋላ እዚህ ያደገው ሥዕል ንጹሕ ከራሱ የበቀለ እንዳይመስልሽ። እ.ኤ.አ. በ1591 ገደማ ሮም ላይ የታተመ አንድ ዐረብኛ ወንጌል ነበር። ሥዕሎቹ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሚባል ጣሊያናዊ የነደፋቸው የእንጨት ቅርጽ ሕትመቶች ናቸው። ያ መጽሐፍ እዚህ ደረሰ። የጎንደር ሠዓሊዎችም ከእሱ ብዙ ትዕይንቶችን ገልብጠው ብራና ላይ አስቀመጡ። ሮም በምትገኘው በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለው የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ በቅጂ መጥቶ፣ ዛሬ በየቤተ ክርስቲያኑ የምናያት ልጇን የታቀፈች ማርያም አንድ ምንጭ ሆኗል።

ልዩነቱ ምን ነበር መሰለሽ? የሮሙ መጽሐፍ ሕትመት ቀለም አልነበረውም። ጥቁር መስመር ብቻ ነው። ቀለሙን የጎንደሩ ሠዓሊ ራሱ መወሰን ነበረበት። ርቀት የሚያሳየውን ሕንፃና ሰማይ አወጣው፤ በምትኩ አንድ ወጥ ቀለም አስገባ። ዓይኖቹን አተለቀ። በጭረት የተሠራውን ጥላ ትቶ ቅርጹን በመስመር አሰረው። ማለትም መልኩን ሳይሆን አቀማመጡን ብቻ ወሰደ፤ የቀረውን ራሱ ሞላው። ከመቶ ዓመት በኋላ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ የቁስቋም ቤተ ክርስቲያን በተሠራችበት ጊዜ፣ ስልቱ እንደገና ተቀየረ፦ ፊቱ ጥላ አወጣ፣ ጀርባው ከአንዱ ቀለም ወደ ሌላው የሚቀልጥ ሆነ፣ ልብሱ የባለጠጋ ልብስ ሆነ። እነዚያ ሠዓሊዎች ከሌላ ማየትን ቢያቆሙ ኖሮ አንቺ የምትወጂው የጎንደር ሥዕል አይኖርም ነበር።

ሌላ ዓይነት ቅጂም አለ። እ.ኤ.አ. በ1932 የፈረንሳይ የዳካር–ጅቡቲ አጥኚ ቡድን እዚሁ ጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ ሥዕሎችን ነቅሎ ወሰደ። በምትካቸው ከቡድኑ ጋር የመጣው ሠዓሊ ጋስቶን ሉዊ ሩ የሠራቸው ቅጂዎች ተቀመጡ። ዋናዎቹ ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ይህን የማነሣው ስለሚያናድደኝ ነው፤ ግን ለጥያቄሽም ይሆናል። ያ ቅጂ የተሠራው የሌላውን ቦታ እንዲሸፍን ነው። የጎንደሩ ሠዓሊ የገለበጠው ደግሞ ለራሱ ሥራ ነው። ስትገለብጪ የትኛውን እያደረግሽ እንደሆነ ጠይቂ።

ስለዚህ መላእክቱ። የቱሪስት ዕቃ የሚመስሉብሽ መላእክት ስለሆኑ አይደለም። ከፖስት ካርድ ወይም ፒያሳ ከተሰቀለው ሥዕል ስለምትገለብጫቸው ነው። ያ ሥዕል ራሱ የቅጂ ቅጂ ነው። በየደረጃው አንድ ነገር ይጠፋል፤ በመጨረሻ ክብ ፊትና ሁለት ክንፍ ብቻ ይቀራል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄደሽ ጣሪያው ሥር ቁሚ። አንገትሽ እስኪያምሽ ድረስ እዪ። ፊቶቹ አንድ አይደሉም። አንዱ ወደ ጎን ያያል፣ አንዱ ያዘነ ይመስላል፣ አንዱ ደግሞ ሊስቅ የደረሰ። ካህናቱን አስፈቅደሽ በእርሳስ አሥር ፊት ብቻ ንደፊ። ፍላሽ ፎቶ አታንሺ፤ ለቀለሙ ጥሩ አይደለም፤ ደግሞ ፎቶ ካነሣሽ ማየት ታቆሚያለሽ። ከዚያ ቤት ገብተሽ ከማስታወሻሽ ሳይሆን ከትዝታሽ ሥሪያቸው። የረሳሽው ይወድቃል፤ ያልረሳሽው ያንቺ ነው። ለመሸጥ የምትሠሪያቸው መላእክት ካሉ ሥሪ፣ ነውር የለውም፤ ብሩሽ የሚገዛው ገንዘብ ነው። ግን በሌላ ጠረጴዛ፣ በሌላ ቀን።

አሠራር እንዴት ይገነባል ለሚለው የጎንደር ልጅ ፈረንጅ ሀገር መሄድ አያስፈልጋትም። የቅኔ ተማሪን እዪ። አዲስ ተማሪ መጀመሪያ ቀን መወድስ የሚባለውን ረጅም ቅኔ ቁጠር፣ ማለትም ድረስ፣ አይባልም። ጉባኤ ቃና ነው የሚሰጠው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀጥሎ ዘአምላኪየ፣ ሦስት ቤት። ስምንት ቤቱ መወድስ ገና ሩቅ ነው። በየቀኑ ዛፍ ሥር ወይም ጥግ ይዞ ብቻውን ይቆጥራል። ከዚያ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያርመዋል፤ አንዳንዴም «ሂድ ድገመው» ይለዋል። በማግስቱ አዲስ። የትናንቱን ይዞ አይንጠለጠልም።

እዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ፦ ትንሽና የታወቀ ልክ፣ በየቀኑ መጨረስ፣ ብቻ መሆን፣ ከዚያ ለሚያውቅ ሰው ማሳየት። አንቺ የጀመርሽው በመወድስ ነው። ያውም የሚያርምሽ በሌለበት። ልክ መኖሩ ያስራል ብለሽ አትፍሪ። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ በቀጫጭን የቀርከሃ ስንጥሮች ላይ ነው ብዙ የሠራው። ሌላው ሠዓሊ ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ለአሥርት ዓመታት ከፊደላችን አልወጣም። ጠባብ ቦታ ነው። ሥራቸውን ግን ከሩቅ ትለዪዋለሽ።

ምክሬ ይኸው፤ አማራጭ አልሰጥሽም። ለስድስት ሳምንት ትልቅ ሸራ አትንኪ። አንድ ነገር ብቻ ምረጪ፤ በእግርሽ ደርሰሽ የምትመለሺበት ይሁን። የወለቃ ሸክላ፣ የቀሃ ወንዝ ዳር፣ የእናትሽ ምድጃ፣ የፋሲል ግንብ አንድ መስኮት፣ ወይም እነዚያ አሥር ፊቶች። አንድ መጠን ምረጪ፤ ደብተር የሚያህል። ሦስት ቀለምና ነጭ ብቻ ያዢ። በሳምንት አምስት ሥሪ። አንዱ ከአንድ ሰዓት ተኩል አይለፍ፤ ሰዓቱ ሲደርስ አለቀ፤ አስቀያሚም ቢሆን አልቋል። ሁሉንም ቦታ በቀለም ሳትሸፍኚ ዓይን አታውጪ። ስትጨርሺ ጀርባው ላይ ሦስት መስመር ጻፊ፦ ምን ልሞክር ብዬ ጀመርኩ፣ የት ላይ ሐሳቤን ቀየርኩ፣ ነገ ምን ልቀይር። ቅዳሜ ቅዳሜ አምስቱን ለአንድ ሰው አሳዪ። «ያምራል» የሚልሽን ሰው ግን አትምረጪ።

የግንቡን መስኮት ከመረጥሽ አንድ ነገር ልጨምር፤ እኔ ስለምወደው ነው። ግንቡን ሁሉም ሰው ቡናማ ይቀባዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሄደሽ እዪው። ጥቁሩ ድንጋይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። በበርና በመስኮት ቅስት ላይ የገባው ቀይ ድንጋይ ግን ቀድሞ ይሞቃል። ከሰዓት በኋላ ነገሩ ይገለበጣል። በሦስት ቀለም ይህን ለመያዝ መሞከር ብቻውን ስድስት ሳምንት ይበቃል።

ለዕቃ ብዙ አታውጪ። ካርቶን ይበቃል፤ በሁለት በኩል ቀቢው፤ አለበለዚያ ይጎብጣል። ጨርቅ ከፈለግሽ አቡጀዲ ወጥረሽ በውኃ በቀጠነ ኮላና ጀሶ ስስ ስስ አድርገሽ ሁለት ሦስት ጊዜ ቀቢው። እንዳታወፍሪው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ወፍራም ጀሶ የቀባሁትን ሥራ ጠቅልዬ ከጎንደር አዲስ አበባ በአውቶቡስ ወሰድኩት። ስፈታው እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ ነበር። አክሪሊክ ሲደርቅ ትንሽ እንደሚጠቁር አትርሺ። ማታ በቢጫ አምፖል የቀላቀልሽውን ቀለም ጠዋት ሳታዪ አትፍረጂበት። በዘይት የምትሠሪ ከሆነ ደግሞ የቀለም ማቅጠኛውን፣ አኳራጂያውን፣ መኝታ ክፍል ውስጥ አትክፈቺ፤ መስኮት ያለው ቦታ ይሁን። የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጠሽ ጥግ አትጣይ፤ ራሱ ሙቀት ፈጥሮ ሊነድ ይችላል። ዘርግተሽ ውጭ አድርቂው ወይም ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ክደኚው።

ስንት ጊዜ ይፈጃል ላልሽው፤ የሚጨርስ አሠራር በስድስት ሳምንት ይገኛል። ያንቺ መሆኑ የሚታወቅ ሥራ ግን ዓመታት ይወስዳል፤ ከመመረቂያሽ በፊት አይመጣም፤ መምህርሽም አይጠብቀውም። አሠራር የሚሠራውም የተወሰነ ነገር ነው። ምን መሣል እንደምትፈልጊ አይነግርሽም። ሥራሽ እንዲሸጥም አያደርግም። ከቀለም ወደ ሸክላ ወይም ወደ ሕትመት ስትሄጂ ግማሹ አይሠራም፤ እንደገና ትጀምሪያለሽ። ደግሞ አንድ ነገር በግልጽ ልበልሽ፦ ያቆምሽው ሥዕል ብቻ ካልሆነ፣ እንቅልፍም ምግብም ሰውም ካስጠላሽ፣ ጉዳዩ የሸራ አይደለም። ለምታምኚው ሰው ንገሪ፤ ወደ ጤና ባለሙያም ሂጂ።

አምስቱን ገጽ ቁጭ ብለሽ አትፈልስፊው። ስድስት ሳምንት ሲያልቅ 30 ካርቶን ይኖርሻል፤ ጀርባቸው ላይ 90 መስመር። ወለል ላይ ዘርጊያቸው፤ መስመሮቹን በተራ ወደ ደብተር ገልብጪያቸው። የተደጋገመውን አስምሪበት። ለምሳሌ ሐሳብሽን ሁልጊዜ ሁለተኛውን ቀለም ካስገባሽ በኋላ የምትቀይሪ ከሆነ፣ ጽሑፍሽ ስለዚያ ይሁን። «ሥዕል ለኔ ነፍስ ነው» ብለሽ ከጀመርሽ መምህርሽ ሁለተኛውን ገጽ አይገልጠውም። ከዚያ ከ30ዎቹ አንዱን ምረጪና በመካከለኛ መጠን፣ ቀጥሎ በትልቅ ሸራ ሥሪው። መመረቂያሽ እሱ ነው።

11ዱን ሸራዎች በተመለከተ፤ ሦስቱን አስቀሪ፤ የት እንደነበርሽ ማሳያ ይሆኑሻል። ስምንቱ አክሪሊክ ከሆኑ በስሱ አሸዋ ወረቀት ፈትገሽ ነጭ ቀቢያቸውና ለአዲስ ሥራ ተጠቀሚባቸው። ዘይት ከሆኑ ግን በላያቸው አክሪሊክ አትቀቢ፤ አይዝም፤ ይላጣል። ከእንጨቱ ነቅለሽ ገልብጪና በጀርባው በኩል ወጥሪው።